የሌዘር መከታተያዬን ፓተንት መርማሪው ውድቅ አደረገብኝ፤ ይግባኝ ልበል ወይስ ልተወው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አሜሪካ የምኖር መሐንዲስ ነኝ። የብረት ዱቄት እያቀለጠ ለሚያትም 3ዲ ፕሪንተር የሌዘር ጨረር መከታተያ ሠርቻለሁ። ከመከላከያው መስታወት ወደ ኋላ የሚመለሰውን ትንሽ ብርሃን በካሜራ ይይዛል። ህትመቱ ሳይቆም ፎከሱ ምን ያህል እንደሸሸ ያሰላል፤ ያስተካክላልም። የፓተንት ማመልከቻውን ያለ ጠበቃ ራሴ አስገባሁ። ከ20 ወር በኋላ የመጣው ደብዳቤ 18ቱንም ክሌሞች ጥሏል። አንድ የሌዘር ብየዳ ሰነድና አንድ የ3ዲ ፕሪንተር ሰነድ አጣምሮ ‹ግልጽ ነው› ይላል። ደግሞም ‹ረቂቅ ሐሳብ ነው›፣ ‹የመከታተያ ክፍል የሚለው አልተብራራም› ይላል። የእኔ ለዱቄት ነው፤ ከብየዳ ጋር ምን አገናኘው? ሁለቱን ያጣመረ ሰውም የለም። ይግባኝ ልበል ወይስ ልተወው? ሥራውን ማመልከቻዬን ከማስገባቴ 8 ወር በፊት በጉባኤ አቅርቤዋለሁ። አውሮፓም ማስገባት አስቤ ነበር።»

ለጊዜው ይግባኝ አይበሉ። ግን አይተዉትም። ያያያዙልኝን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። መርማሪው በአብዛኛው ልክ ነው። ልክ የሆነው ግን በጻፉት ክሌም ላይ እንጂ በሠሩት ዕቃ ላይ አይደለም። መርማሪ ዕቃ አይመረምርም። የሚመረምረው ክሌሙን ነው፤ ማለትም ማመልከቻው መጨረሻ ላይ በቁጥር ተደርድረው የመብትዎን አጥር የሚያሰምሩትን ዓረፍተ ነገሮች።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሁሉንም ጥሎ መምጣቱም አያስደንግጥዎ። መርካቶ ላይ እንደሚጠራ የመጀመሪያ ዋጋ ይቁጠሩት። እርስዎ ሰፊ አጥር ጠየቁ፣ እሱ ምንም አልሰጥም አለ። ድርድሩ ከዚህ ይጀምራል። የማይደራደረው ቀኑ ነው። መልስ ለመስጠት ያለዎት 3 ወር ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን እንጂ እርስዎ ከከፈቱበት ቀን አይደለም። ክፍያ እየጨመሩ እስከ 6 ወር መግፋት ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ትንሽ ላብራራ። በእንዲህ ያለ ፕሪንተር ውስጥ ከ30 እስከ 60 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ የሚሆን የብረት ዱቄት ንብርብር ይነጠፋል። ሌዘሩ ሁለት ተወዛዋዥ መስታወቶች ላይ ነጥሮ፣ በፎከስ ሌንስ አልፎ፣ ከሌንሱ ሥር ያለውን መከላከያ መስታወት ዘልቆ ዱቄቱ ላይ ያርፋል። በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ እየሮጠ ያቀልጠዋል። ከዚያ ሌላ ንብርብር፣ ከዚያ ሌላ።

የጣጣው መነሻ መከላከያው መስታወት ነው። ከቀለጠው ብረት የሚነሳው ጢስ ቀስ በቀስ ይለጠፍበታል። የፋኖስ ብርጭቆ ሲጠቁር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እዚህ ግን የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ ትበቃለች። ነጥቧ ከሌዘሩ ትንሽ ሙቀት ትውጣለች። መስታወቱ እዚያ ቦታ ላይ ይሞቅና ራሱ እንደ ደካማ ሌንስ መሥራት ይጀምራል። ፎከሱ ይሸሻል። በቁጥር እንየው። የሞገድ ርዝመቱ 1070 ናኖሜትር የሆነ ሌዘር 80 ማይክሮን ስፋት ባላት ነጥብ ላይ ያተኩራል እንበል፤ የጨረሩ ጥራትም ፍጹም ነው እንበል። ፎከሱ 4.7 ሚሊሜትር ቢሸሽ ነጥቧ ወደ 113 ማይክሮን ትሰፋለች፤ የመሃሏ ድምቀት በግማሽ ይወርዳል። ማሽኑ ይህን አያውቅም። ሌዘሩ ያንኑ ዋት እየተፋ ነው። ችግሩ የሚታወቀው የታተመው ዕቃ ውስጡ በሚገባ ሳይቀልጥ ቀርቶ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ሲገኝ ነው።

የከፋው ነገር ሌላ ነው፤ የእርስዎ ፈጠራ የተደበቀውም እዚያ ውስጥ ነው። ሌዘሩ ሲጠፋ መስታወቱ በሰከንዶች ውስጥ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ፎከሱም ወደ ቦታው መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ አዲስ ዱቄት እየተነጠፈ ሳለ የሚለካ ሰው «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ውጤት ያገኛል። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ ሕመሙ እንደሚጠፋበት ሰው ማለት ነው። እርስዎ የሚለኩት ሌዘሩ በሙሉ ኃይሉ ዱቄት እያቀለጠ ባለበት ቅጽበት ነው። ይህን ማመልከቻዎ ላይ ገጽ 11 ላይ በሁለት መስመር ጠቅሰው አልፈውታል። ክሌሙ ውስጥ ግን የለም!

የመጀመሪያው ክሌምዎ፣ ቃላቱን ቀለል ሳደርገው፣ እንዲህ ይላል፦ «ለ3ዲ ህትመት የሚውል ሥርዓት፤ ሌዘር ያለው፤ የሌዘሩን ሁኔታ የሚለካ የመከታተያ ክፍል ያለው፤ ልኬቱን ተንትኖ ውጤቱን የሚያሳይ ፕሮሰሰር ያለው።» ይህን ዓረፍተ ነገር እኔም መርማሪ ብሆን እጥለው ነበር። መርማሪ የክሌምን ቃል አግባብ እስከሆነ ድረስ በሰፊው እንዲያነብ ይገደዳል። «የሌዘሩን ሁኔታ» የሚለው ጨረሩን ራሱን የሚያይ መሣሪያም፣ ከቀለጠው ብረት ኩሬ የሚመለሰውን ብርሃን የሚያይ መሣሪያም ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ አሮጌ ነው። ካርል ዴካርድ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዱቄትን በሌዘር የማያያዝ ሐሳቡን ለፓተንት ያስገባው በ1986 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብረትን ሙሉ በሙሉ የማቅለጡን ዘዴ የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ሰዎች አኸን ላይ በ1996 አስገቡ። የቤልጅየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ የቀለጠውን ኩሬ በህትመቱ መሃል እየተከታተሉ ሂደቱን ስለማረም በ2007 የታተመ ማመልከቻ አላቸው። «መከታተል» ብቻውን ዛሬ አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ ብየዳው እንምጣ። «የእኔ ለዱቄት ነው» የሚለው ክርክር አያዋጣዎትም። አንደኛ፣ ክሌሙ መግቢያ ላይ «ለ3ዲ ህትመት የሚውል» ብሎ ማስቀመጥ ዕቃው ምን እንደሚሠራበት ይናገራል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አጥሩን አያጠብም። የመሣሪያ ክሌም ደግሞ የሚለየው በመሣሪያው አሠራርና አካል ነው። የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ፣ እዚህ ላይ ዱቄቱ፣ መሣሪያውን ከሌላ መሣሪያ አይለየውም፤ የመርማሪዎቹ መመሪያ ይህን በግልጽ ይላል። ሁለተኛ፣ መርማሪው ከሌላ ሙያ ሰነድ ማምጣት ይችላል፤ ሰነዱ እርስዎ የገጠመዎትን ችግር የሚመለከት ከሆነ ይበቃል። የሌዘር በያጅም መከላከያ መስታወቱ ይቆሽሽበታል፣ ፎከሱ ይሸሽበታል። ችግሩ አንድ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ገጽ ቢጽፉ አንድ ገጽ አባከኑ።

«ሁለቱን ያጣመረ የለም» የሚለውም ሌላ አለመግባባት ነው። ያጣመረ ቢኖርማ ክሱ ሌላ ይሆን ነበር፤ የአሜሪካ ፓተንት ሕግ አንቀጽ 102፣ አዲስ አይደለም የሚለው። እርስዎ የተከሰሱት በአንቀጽ 103 ነው። ጥያቄው በሙያው ያለ መካከለኛ ባለሙያ ሁለቱን ሰነዶች ጠረጴዛው ላይ ቢያገኝ ለማጣመር ምክንያት ይኖረው ነበር ወይ የሚል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ኬኤስአር በተባለው መዝገብ ከወሰነ ወዲህ ይህ ምክንያት ሰነዱ ውስጥ በቃል ተጽፎ መገኘት የለበትም። የታወቁ ነገሮችን በታወቀ መንገድ አገጣጥሞ የሚጠበቀውን ውጤት ማግኘት ግልጽ ሊባል ይችላል።

ታዲያ ምን ይቀራል? ውጤቱ የሚጠበቅ አለመሆኑ። መርማሪው የጠቀሰውን የብየዳ ሰነድ ደግመው ያንብቡት። እዚያ ያለው ካሜራ የሚለካው የብየዳው ጭንቅላት ቆሞ፣ በሥራና በሥራ መካከል፣ ሌዘሩ በዝቅተኛ ኃይል ላይ ሆኖ ነው። የፕሪንተሩ ሰነድ ደግሞ የቀለጠውን ኩሬ አይቶ ያልተለመደ ነገር ሲኖር ህትመቱን ያቆማል። ሁለቱን ቢያገጣጥሙ የሚያገኙት በንብርብሮች መካከል የሚለካና ሲበላሽ የሚያቆም ማሽን ነው። ያ ማሽን ሊይዘው የፈለገው ጥፋት በመለኪያው ሰዓት እየጠፋ ነው። የእርስዎ በሙሉ ኃይል መሃል ይለካል፣ ፎከሱንም እዚያው ያርማል። ይህ ክርክር ጥሩ ነው። ሆኖም ክርክር ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ልዩነቱ ክሌሙ ውስጥ መጻፍ አለበት። አንድ ጥንቃቄ፦ «የብየዳው ሰነድ ከእኔ መንገድ ያርቃል» ብለው አይጻፉ። ሰነዱ ዝም ማለቱና መከልከሉ ይለያያሉ። ይህ የብየዳ ሰነድ ዝም ነው ያለው።

«ረቂቅ ሐሳብ» ስለተባለው አንቀጽ 101 ብዙ ሰው ይበሳጫል። ሌዘር፣ መስታወት፣ ካሜራ እያለ ምኑ ነው ረቂቁ? እኔ ይህን ለማስረዳት ሁሌም ሁለት የድሮ መዝገቦችን ነው የማነሳው። በ1978 ፍሉክ የሚባል ሰው በኬሚካል ሂደት ውስጥ ያለን የማስጠንቀቂያ ደወል ገደብ በቀመር እያሰላ የሚያድስ ዘዴ ይዞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ተሸነፈ። መጨረሻው ቁጥር ነበርና። በ1981 ደግሞ የዲየር ጉዳይ መጣ። ላስቲክ በሻጋታ ውስጥ ሲበስል ሙቀቱ በተከታታይ ይለካል፣ ኮምፒውተሩ በታወቀ ቀመር የመብሰያውን ሰዓት ያሰላል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ማተሚያው ይከፈታል። ይህኛው አሸነፈ። ቀመሩ አዲስ ስለሆነ አይደለም። ስሌቱ ዞሮ ሻጋታውን ስለከፈተ ነው። የእርስዎ ክሌም 1 «ውጤቱን የሚያሳይ» ብሎ ነው የሚቆመው፤ ከፍሉክ ጎን ተቀምጧል። «ፎከሱን የሚያርም» ቢል ወደ ዲየር ይሻገራል። በ2016 የኤሌክትሪክ መረብን መረጃ ሰብስቦ፣ ተንትኖ የሚያሳይ ፓተንትም በዚሁ ምክንያት ፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ላይ ወድቋል። በ2017 ግን ያው ፍርድ ቤት የጦር አብራሪ ቆብና አውሮፕላኑ ላይ ሴንሰሮች ባልተለመደ ሁኔታ የተቀመጡበትን ታሌስ የተባለውን ጉዳይ አሳልፏል። ስለዚህ መውጫው ሁለት ነው፤ ወይ ልኬቱ አንድ ነገር ያድርግ፣ ወይ ሴንሰሩ የተቀመጠበት ቦታ ራሱ የተለየ ይሁን። እርስዎ ሁለቱም አለዎት።

«የመከታተያ ክፍል» የሚለው ቃል ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን እዚህ ነው። «ክፍል»፣ «ሞጁል»፣ «ዘዴ» እያሉ ተግባሩን ብቻ ከነገሩት፣ በአንቀጽ 112 መሠረት መርማሪው «የትኛው ዕቃ ነው ይህን የሚሠራው?» ብሎ ወደ መግለጫዎ ይሄዳል። እዚያ የተገለጸውንና የእሱን አቻ ብቻ ይሰጥዎታል። ሥራው የሶፍትዌር ከሆነ የስሌቱን ደረጃ በደረጃ አካሄድ ይፈልጋል። ካላገኘ ክሌሙ ግልጽነት ጎድሎታል ይልዎታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዕቃውን በስሙ ይጥሩት። ካሜራ ከሆነ ካሜራ ይበሉ።

እኔ ብሆን ክሌም 1ን ወደዚህ አቅጣጫ እጽፈዋለሁ፦ «ሌዘር፤ ጨረሩን በዱቄት አልጋ ላይ የሚመሩ ሁለት ተወዛዋዥ መስታወቶች፤ ጨረሩን ወደ አልጋው ቀጥ አድርጎ የሚያወርድ የፎከስ ሌንስ፤ ከሌንሱ በታች ያለ መከላከያ መስታወት፤ በሌዘሩና በተወዛዋዦቹ መካከል የቆመ ጨረር ከፋይ፤ ከመከላከያው መስታወት የታችኛው ገጽ ተንጸባርቆ፣ በሌንሱና በተወዛዋዦቹ በኩል ተመልሶ የመጣውን ብርሃን ከጨረር ከፋዩ የሚቀበል ካሜራ፤ ሌዘሩ ዱቄቱን እያቀለጠ ሳለ ከካሜራው ምስል የፎከስ ሽሽትን አስልቶ፣ በዚያው ንብርብር ውስጥ ፎከሱን እንዲያርም የተዘጋጀ ፕሮሰሰር።» (ጨረር ከፋይ ማለት ከብርሃኑ ከፊሉን አሳልፎ ከፊሉን የሚያንጸባርቅ መስታወት ነው።) ረዝሟል። ጠቧልም። ግን እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። ብርሃኑ በመጣበት ተወዛዋዥ መስታወት መመለሱ ለምሳሌ፣ ጨረሩ አልጋው ላይ ሲሮጥ ምስሉ ካሜራው ላይ ባለበት እንዲቆም ያደርጋል። ካሜራውን ለቆመ ጭንቅላት ብቻ የሠራው በያጅ ይህን ችግር አያውቀውም።

«ቀጥ አድርጎ የሚያወርድ» የሚለውን ያለ ምክንያት አላስገባሁትም። ጨረሩ መከላከያውን መስታወት ሰያፍ ከመታው ነጸብራቁ ወደ ጎን ይሸሻል እንጂ በመጣበት አይመለስም። የእርስዎ ሙከራ በሙሉ ጨረሩን ቀጥ አድርጎ በሚያወርደው፣ ቴሌሴንትሪክ በሚባለው የሌንስ ዓይነት ነው የተሠራው። «ማንኛውም ሌንስ» ብለው ከጠየቁ ለሌሎቹ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። ማስረጃው በእጅዎ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በጥሞና ያንብቡልኝ። ክሌሙን ሲያሻሽሉ ማመልከቻው በገባበት ቀን ውስጡ ያልነበረ ነገር መጨመር አይችሉም። አዲስ ሥዕል፣ አዲስ የስሌት ደረጃ፣ ያልተጠቀሰ ክፍል፣ አንዱም አይፈቀድም። «ታዲያ አዲሱን ነገር ጨምሬ ሌላ ማመልከቻ ላስገባ» ይሉ ይሆናል። ይቻላል፤ ነገር ግን አዲሱ ነገር የሚያገኘው አዲሱን ቀን ነው። አሜሪካ ለራስ ጽሑፍ የምትሰጠው ምሕረት 1 ዓመት ብቻ ነው። የጉባኤ ጽሑፍዎ ከማመልከቻዎ 8 ወር ይቀድማል፤ ከዚያ ወዲህ ከ20 ወር በላይ አልፏል። ድምሩ ከ28 ወር በላይ ነው። አሁን ለሚጨምሩት ነገር የገዛ ጽሑፍዎ ቀዳሚ ሰነድ ሆኖ ይመጣብዎታል። አንድ ደንበኛዬ ልክ በዚህ መንገድ በራሱ ስላይድ ተጥሏል፤ ሦስተኛው ስላይድ ላይ ሁሉም ነገር ተስሎ ነበር።

አውሮፓን በተመለከተ አጭር ነው። እዚያ የ1 ዓመት ምሕረት የለም። ጽሑፉ አሠራሩን ካሳየ፣ ከማመልከቻው በአንድ ቀን እንኳ ቢቀድም አዲስነቱን ይገድለዋል። የሚማርባቸው ሁኔታዎች፣ ማለትም አንድ ሰው መብትዎን ጥሶ ሲያወጣው ወይም በታወቀ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሲያሳዩት፣ ለእርስዎ አይሠሩም። በዚያ ላይ ከመጀመሪያው ማመልከቻ በ12 ወር ውስጥ በአውሮፓ ወይም በዓለም አቀፉ የፓተንት ትብብር ስምምነት በኩል ካላስገቡ ቀዳሚነትዎ፣ ማለትም በመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን የመቆጠር መብትዎ፣ አልፏል። በስምምነቱ በኩል ያስገቡ ከሆነ ወደ አውሮፓ ቢሮ ለመግባት ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ እስከ 31 ወር ጊዜ አለዎት። ያን ጊዜ የሚያዋጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጉባኤው ጽሑፍ ያተመው ውጤቱን ብቻ እንጂ የጨረሩን መመለሻ መንገድ ካልሆነ። ጽሑፉን አውጥተው ሥዕል በሥዕል ይዩት። መንገዱ ካለበት ለአውሮፓ ብር አያውጡ።

ይግባኝ ለምን አይሆንም? ሕጉ ላይ፣ ክሌሞችዎ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሳይደረጉ ይግባኝ አይፈቀድም። ቢፈቀድም ይግባኝ ሰሚው የሚያየው አሁን ያለውን ክሌም ነው። እሱ ደግሞ ይወድቃል። ለጊዜው ያለው የተሻለ መሣሪያ ከመርማሪው ጋር የሚደረግ ቃለ ምልልስ ነው። በስልክ ወይም በቪዲዮ ይሆናል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ አይከፈልበትም። መጠየቂያ ቅጹ የፓተንትና ንግድ ምልክት ቢሮው ድረ ገጽ ላይ አለ። ብዙ ሰው ፈርቶት ይቀራል፤ ለምን እንደሚፈራ አይገባኝም። ረቂቅ ክሌሙን ቀደም ብለው ይላኩለት። ሲገናኙ አንድ ሥዕል ያሳዩትና አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ልኬቱም እርማቱም በማቅለጡ ሰዓት ነው የሚል ካስገባሁ፣ ሁለቱ ሰነዶችዎ አሁንም ክሌሜን ለመጣል ይበቃሉ?» ቃል አይገባልዎትም። ግን መንገዱን ያሳይዎታል። ጠበቃ ለሌለው አመልካች፣ ማመልከቻው ውስጥ ሊጸድቅ የሚችል ነገር ካየ ክሌም እንዲጠቁም መመሪያውም ያዘዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የሙከራ ውጤት በመሐላ ቃል አድርገው ማያያዝ ይችላሉ፣ ያያይዙም። አንድ ማሽን፣ አንድ ቆሻሻ መስታወት፣ በማቅለጥ ሰዓት የተለካው ፎከስና ሌዘሩ ጠፍቶ 10 ሰከንድ ቆይቶ የተለካው ጎን ለጎን ይቀመጡ። ከሞከሩት በላይ ግን አይናገሩ። ሁለተኛው፣ በመልስዎ ላይ የሚጽፉት ሁሉ መዝገቡ ውስጥ ይቀራል። «የእኔ ፈጠራ ኩሬውን በፍጹም አያይም» ብለው ከጻፉ፣ ነገ ተፎካካሪ ኩሬውንም ጨረሩንም የሚያይ ማሽን ሲሸጥ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ፍርድ ቤት ያመጣብዎታል። የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይናገሩ።

«የሚያርም» የሚለው ቃል ዋጋ እንዳለውም ይወቁ። ለክቶ የሚያስጠነቅቅ ብቻ ማሽን የሚሸጥ ተፎካካሪ ከዚህ ክሌም ያመልጣል። ስለዚህ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ክሌሞች ይያዙ። አንደኛው እላይ የጻፍኩት ነው። ሁለተኛው እርማቱን ትቶ የብርሃኑን መመለሻ መንገድና የመለኪያውን ሰዓት ብቻ ይጠይቅ። መርማሪው ሁለተኛውን አልቀበልም ካለ አንደኛውን ያጽድቁ፤ የቀረውን ፓተንቱ ከመውጣቱ በፊት በተከታይ ማመልከቻ ይዘው ይቆዩ። ቀጣዩ ደብዳቤ «የመጨረሻ» የሚል ቢሆንም በእርግጥ መጨረሻ አይደለም፤ ከፍለው ምርመራው እንዲቀጥል መጠየቅ ይቻላል። ይግባኝ የሚታሰበው ያኔ ነው፣ ክሌሙ ጠቦም ያንኑ መልስ ከሰጠዎት።

ይህን ሁሉ ራስዎ ቢሠሩት አይከለከልም፤ ክሌሙን ግን ለአንድ የተመዘገበ የፓተንት ወኪል ያስነብቡት። ወኪል ጠበቃ መሆን የለበትም፣ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ገቢዎ አነስተኛ ከሆነ ቢሮው በነጻ ከሚያገለግሉ ጠበቆችና ከሕግ ትምህርት ቤት ክሊኒኮች ጋር የሚያገናኝበት ፕሮግራም አለው። ከዚያ በፊት ግን ሥራ ሲቀጠሩ የፈረሙትን ውል ያውጡና ያንብቡ። ፈጠራውን ለቀጣሪዎ አስተላልፈው ከሆነ የሚወስነው እሱ ነው፣ የሚያገኙት የክፍያ ቅናሽም ሊቀየር ይችላል።

ደብዳቤው ከወጣ ስድስት ሳምንት አልፎታል። ይህን ሳምንት ውሉንና የጉባኤ ጽሑፉን ይመርምሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ቃለ ምልልሱን ይጠይቁ፤ ከረቂቅ ክሌሙ ጋር ገጽ 11ን አስምረውበት ይላኩ።